ብርቅ ነው ወይስ አሮጌ ብቻ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ የጣና ዳር ሰዎች። ባለፈው ስለ ሰዓት ባትሪ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ቴሌግራሜ በፎቶ ተጨናነቀ፣ ግማሹ የአባት ሰዓት ነው፣ ግማሹ ከዱባይ የመጣ፣ የቀረው ደግሞ «ይሄ ብርቅ ነው ብለውኛል፣ እውነት ነው?» የሚል። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል አምስት መርጫለሁ። ስማችን ይቅር ስላላችሁ ትቼዋለሁ። ፎቶ ስትልኩ ግን ደጅ ወጥታችሁ አንሱት፣ በአምፖል የተነሳ ሰዓት ለኔ ከድንጋይ አይለይም።

«ደላላው ፊቱን አስቀባው አለኝ» (ከሽምብጥ)

አያ ሰዓቱ እንደምን ነህ? አያቴ በንጉሡ ጊዜ የገዛው ኦሜጋ ሲማስተር አለኝ። ሰሞኑን አንድ ደላላ አይቶት «ይሄ እኮ ብርቅ ነው፣ አሁን አይመረትም፣ ግን ፊቱ ስለወየበ አስቀባው፣ አካሉንም ፖሊሽ አስደርገው፣ ከዛ ገዥ አመጣልሃለሁ» አለኝ። ላስቀባው? ለመሆኑ ሰዓትን ብርቅ የሚያስብለው ዕድሜው ነው?

መልስ፦ ኧረ በጊዮርጊስ እንዳትነካው! ይሄን የምልህ ደርሶብኝ ነው። አባቴ ሲያርፍ አንድ የስዊስ ሰዓት ደረሰኝ፣ ፊቱ ሻይ እንደፈሰሰበት ወረቀት ቡኒ ብሏል፣ መስታወቱ ተጫጭሯል፣ እኔም የዋህ ነበርኩና አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ወስጄ «አሳምርልኝ» አልኩት። አሳመረዋ! በሳምንቱ ስቀበለው እንደ ሙሽራ ያበራል፣ ስንት ቀን እጄን እያወዛወዝኩ ነው በዘንባባዎቹ ስር የተንጎራደድኩት። ከዛ ማሰሪያ ላስቀይር ሌላ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ጋ ብሄድ፣ ሰውዬው ያቺን የዓይን መነፅራቸውን ሰክተው አዩት፣ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ዝም አሉ፣ ዝም አሉና «የአባትህን ፊት በሰው ፊት ለውጠህ መጣህ» አሉኝ። መነፅሩን ሰጥተው ሲያሳዩኝ ነው የገባኝ። ጽሑፉ ወፍሯል፣ የፊደሎቹ ጠርዝ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል፣ ከ6 ቁጥር ስር በቀጭኑ የሚጻፈው «ስዊስ ሜድ» የሚለው ጭራሽ ጠፍቷል፣ የደቂቃ መስመሮቹም ከቁጥሮቹ ጋር አይገጥሙም። አካሉ ደግሞ ጥርት ያለ ማዕዘን የነበረው አልቆ ያገለገለ ሳሙና መስሏል። ፖሊሽ ማለት እኮ ብረቱን መላጥ ነው፣ የተላጠው ደግሞ አይመለስም። ሰዓቱን አሁንም አስረዋለሁ፣ ግን ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያየውም።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ዕድሜ ብቻውን ምንም አይደለም። ሲማስተር በፈረንጅ ከ1948 ጀምሮ (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም» ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጅ ነው) በብዛት የተሸጠ ሰዓት ነው፣ እኛም አገር ብዙ ሰው እጅ ላይ ነበር። «አሁን አይመረትም» የሚለው ደግሞ ምን ማለት ነው? የአያትህ ጫማም አሁን አይመረትም። ጥያቄው ከተሠራው ስንቱ ተረፈ፣ ከተረፈው ስንቱ ሳይነካካ ተረፈ፣ የተረፈውን ደግሞ የሚፈልገው ሰው አለ ወይ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ አንድ ብቻ የቀረ ሰዓት ራሱ ዋጋ ላያወጣ ይችላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ፣ ፓቴክ ፊሊፕ የሚባለው የጄኔቫ ቤት 1518 የሚል ሞዴል ነበረው፣ ከ1941 እስከ 1954 ድረስ 281 ብቻ ነው የተሠራው፣ አብዛኛው ወርቅ ነው። በስቴንለስ ስቲል የተሠሩት ግን እስካሁን የሚታወቁት 4 ናቸው። በ2016 ከአራቱ አንዱ ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ቀርቦ ከ11 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ወጣ፣ የወርቁን ዋጋ ጥሎት ሄደ። ብረት ከወርቅ በለጠ ብዬ እናቴን ባወራት ጠበል ነበር የምትወስደኝ።

የሚገርመኝ ግን የሮሌክስ ዴይቶና ነገር ነው። ዛሬ ሰው የሚያብድለት ያ ለየት ያለ ፊት ያለው ዴይቶና በ1960ዎቹና 70ዎቹ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር፣ ሱቅ ውስጥ አቧራ ይጠጣ ነበር፣ ስላልተሸጠም ብዙ አልተሠራም፣ ስላልተሠራም ዛሬ አይገኝም። ማለት ያኔ አለመወደዱ ነው ዛሬ ብርቅ ያደረገው! ፖል ኒውማን የሚባለው የአሜሪካ ተዋናይ ያሰረው አንዱን ነው፣ ባለቤቱ ናት የገዛችለት፣ መኪና ውድድር ስለሚወድ ከጀርባው «በጥንቃቄ ንዳ፣ እኔ» ብላ አስቀርጻበታለች። በ1984 ለልጁ ጓደኛ ሰጠው፣ በ2017 ኒውዮርክ ላይ 17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሌላ ተመሳሳይ ዴይቶና የዚህን ሩብ ሩብ አያወጣም፣ ልዩነቱ ያቺ ጽሑፍና ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ መታወቁ ነው።

ግን ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ብርቅ የሚባል ነገር ካለ ብርቅ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። በ2021 አንድ የድሮ ኦሜጋ ስፒድማስተር ጄኔቫ ላይ ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ተሸጠ፣ የገዛው ደግሞ ኦሜጋ ራሱ ነው፣ ለሙዚየሙ። በ2023 ሲጣራ ከተለያየ ሰዓት የተለቃቀመ ዕቃ ተገጣጥሞ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን «ፍራንከን» ይሉታል። ሠሪው ቤት ራሱ እንዲህ ከተሸወደ እኔና አንተ በስልክ ፎቶ አይተን ምን ልናውቅ ነው።

ስለዚህ ያንተን እንዲህ አድርገው። የታመነ ሰው ጋ ሂድና የጀርባ ክዳኑን ብቻ ያስከፍት፣ ክዳኑ ውስጥ የሞዴል ቁጥር አለ፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ ሴሪያል ቁጥር ተቀርጿል፣ ሁለቱንም በደንብ ፎቶ አንሳቸው። ማሽኑ ያ ሞዴል ይዞት የሚወጣው ዓይነት ካልሆነ የሆነ ጊዜ የሆነ ሰው ለውጦታል ማለት ነው። ሰርቪስ ይፈልጋል ካሉህ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ማሽኑን ይጠቡ፣ ፊቱንና አካሉን ግን አትነካኩ በላቸው፣ የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌው በፖስታ ታሽጎ ይመለስልህ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ቆጣሪዎቹ ላይ ድሮ በጨለማ ታበራ የነበረች ቢጫ ነጥብ ካለች እንዳትፍቃት እንዳትነፋትም፣ ከ1960ዎቹ በፊት ያለው ራዲየም ነው፣ ብርሃኗ ቢሞትም ጨረሩ አልሞተም፣ ግማሹ ለማለቅ ራሱ 1600 ዓመት ይፈልጋል። ተዘግቶ ሲቀመጥ ያን ያህል አያሰጋም፣ አቧራው ነው መጥፎው።

«የአባቴ የራሺያ ሰዓት» (ከፖሊ አካባቢ)

ሰላም ለዝግጅቱ። አባቴ ፖሊ ቴክኒክ ሲማር ራሺያዊ መምህሩ የሰጠው ፖልዮት ሰዓት አለ። ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ብለጥፍ አንድ ልጅ «ይሄ የጠፈርተኛ ሰዓት ነው፣ 150 ሺህ የሚገዛ ፈረንጅ አለኝ፣ መጀመሪያ ግን 5 ሺህ ለኮሚሽን ላኪ» አለኝ። እውነት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ አምስቱን ሺህ እንዳትልኪ! ገዥ ያለው ሰው ኮሚሽኑን ከሽያጩ ላይ ነው የሚቆርጠው፣ አስቀድሞ አይለምንም።

ሰዓቱ ግን ደስ ይላል። ፖሊ በ1955 ዓ.ም ሲከፈት በሶቪየት እርዳታ ነው፣ መምህራኑም ከዛ ይመጡ ነበር፣ ስለዚህ ባሕር ዳር ውስጥ ሳጥን ቢበረበር ፖልዮትና ራኬታ እንደ ጉድ ቢወጣ አይገርመኝም። ችግሩ ሶቪየቶቹ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰዓት ያመርቱ ነበር፣ ያንቺም 17 ድንጋይ (ማሽኑ ውስጥ ጥርሶቹ የሚዞሩባቸው ትንንሽ ድንጋዮች ማለት ነው) የሚለው ተራው ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ብርቅ ግን አይደለም። ልጁ የጠፈርተኛ ያለው የሆነ ነገር ሰምቶ ነው፣ ጋጋሪን በ1961 ሲወጣ ያሰረው ሽቱርማንስኪ የሚባለውን ነው፣ ለአየር ኃይል አብራሪዎች የሚሰጥ እንጂ ሱቅ የሚሸጥ አልነበረም። ሊዮኖቭ በ1965 ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ጠፈር ላይ ሲንሳፈፍ ደግሞ ስትሬላ የሚባለውን ክሮኖግራፍ፣ ማለት እንደ ስቶፕዋች ተነስቶ የሚቆም ቆጣሪ ያለውን ሰዓት ነው ያሰረው። እነዚህ ከተገኙ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያንቺ ግን ክሮኖግራፍ አይደለም፣ በጎን ተጨማሪ ቁልፎች የሉትም።

ከላክሽው ሁሉ ሰዓቱን ያስናቀብኝ ሌላኛው ፎቶ ነው፣ አባትሽና መምህሩ ወርክሾፕ ውስጥ ቆመው፣ የመምህሩ እጅጌ ተጠቅልሎ ሰዓቱ የሚታይበት። ሰዓቱና ፎቶው አንድ ላይ ይቀመጡ፣ አንዱ ከሌላው ከተለየ ፖልዮቱ ከሌላው ሚሊዮን ፖልዮት ጋር ተቀላቀለ ማለት ነው።

«ቀኑን ጠዋት ነው የሚለውጠው» (ከዘጌ መንገድ)

አያ ሰዓቱ፣ እኔ የጀልባ ሹፌር ነኝ፣ ዘጌ ሰው አመላልሳለሁ። ከሳውዲ የመጣ ሴይኮ 5 አለኝ፣ ቀኑን በአረብኛም ይጽፋል። የሚገርመው ቀን የሚለውጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ የጓደኛዬ ግን ያው ሴይኮ ሆኖ ማታ 12 ሰዓት ይለውጣል። አንድ ሰው «የፋብሪካ ስህተት ነው፣ ስህተት ያለበት ደግሞ እንደ ቴምብር ብርቅ ነው» አለን። ስህተቱ ያለው የማናችን ላይ ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ሦስቴ አነበብኩት፣ እንዴት ደስ ይላል! ስህተት የማናችሁም ላይ የለም። ሰዓቱ 12 ላይ ቀን እንዲገፋ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ለሠሩት ጃፓኖች ያ 12 እኩለ ሌሊት ነው፣ አንተ ግን በኛ አቆጣጠር ነው የሞላኸው፣ በኛ ደግሞ 12 ወይ ጠዋት ነው ወይ ማታ። ማሽኑ ውስጥ ቀን የሚገፋው ጥርስ በ24 ሰዓት አንዴ ነው የሚዞረው፣ አጭሩ ቆጣሪ 12ን ሁለት ጊዜ ሲያልፍ አንዴውን ዝም ብሎ ያልፋል፣ አንዴውን ይገፋል። ያንተ ጠዋቱን ያዘ፣ የጓደኛህ ማታውን፣ በቃ። ጓደኛህ እንዳንተ እንዲሆንለት ከፈለገ ቆጣሪውን 12 ሰዓት ሙሉ ወደፊት ያዙረው፣ በነፃ ይስተካከላል።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። መሙያውን ግማሽ ስበህ ቀኑን በፍጥነት የምትቀይርበት አለ አይደል፣ እሱን ቆጣሪው ቀን ለመለወጥ በተቃረበበት ሰዓት አትንካው፣ ያኔ ጥርሶቹ ተያይዘዋል፣ ብትገፋቸው አንዱ ይሰበራል። በያንተ ሰዓት ይሄ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ነው፣ ልክ መጀመሪያዎቹን ተሳፋሪዎች ስትጭን ማለት ነው፣ ስለዚህ ቀን መቀየር ካማረህ ከሰዓት በኋላ ዘጌ ላይ ሰው እስኪመለስ ስትጠብቅ ቀይር። ደግሞ በኛ ወር ከተጠቀምክበት ሁልጊዜ መቀየርህ አይቀርም፣ የኛ ወር 30 ነው፣ ሰዓቱ ግን 31 ካላለ አያልፍም።

አረብኛውም ብርቅ አይደለም፣ ሴይኮ ለአረብ አገር ገበያ ብሎ ያወጣው ነው፣ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ሻንጣ ውስጥ ስንቱ ገብቷል። ዕድሜውን ማወቅ ከፈለግህ ጀርባውን አዙረው፣ ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያው የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው ወሩ። 83 ብሎ ከጀመረ መጋቢት ወር ላይ ነው የተሠራው፣ ዓመቱ ግን 1978 ይሁን 88 ይሁን 98 ቁጥሩ ብቻውን አይነግርህም፣ ማሽኑን ማየት አለብህ። ለምሳሌ ማሽኑ 7ኤስ26 ከሆነ ከ1996 ወዲህ ስለሆነ የመጣው 78ም 88ም ሊሆን አይችልም።

ሴይኮ 5 ልግዛ ለምትሉ ሌሎቻችሁ፣ ፊቱ ብርቱካናማ ወይ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ እንደ አዲስ የሚያበራ «የ70ዎቹ ሴይኮ» ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ህንድ አገር ድጋሚ የተቀባ ነው። ካማራችሁ እሰሩት፣ ኦርጅናል ብላችሁ ግን ዋጋ አትክፈሉ።

«ሮሌክስ በ30 ሺህ» (ከፋሲሎ)

ሰላም፣ አንድ ጓደኛዬ ሮሌክስ ሰብማሪነር በ30 ሺህ ብር ሊሸጥልኝ ነው። የሰከንዱ ቆጣሪ ቱክ ቱክ ሳይል ፈስስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ኦርጅናል ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ፈስስ ብሎ የሚሄደው አውቶማቲክ ስለሆነ ነው፣ የቻይናውም አውቶማቲክ እንደዛው ነው የሚሄደው። ደግሞ ኦርጅናል ቢሆን እንኳ ተራ ሰብማሪነር ብርቅ አይባልም፣ ውድ ነው እንጂ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ዛሬም ሄዶ ይገዛዋል። ውድና ብርቅ ለየብቻ ናቸው። 30 ሺህህን ይዘህ ከጓደኛህ ጋር ቆሮሶ ጥብስ ብሉበት፣ ጓደኝነታችሁም ይተርፋል።

«ዘውድና አንበሳ ያለበት» (አንዲት እናት፣ ልጃቸው ጽፋላቸው)

ልጄ እንደምን ሰንብተሃል። የሞቱት ባለቤቴ ከጃንሆይ እጅ የተቀበሉት ሰዓት አለ፣ ፊቱ ላይ ዘውድና አንበሳ አለበት። ልጆቼ ይሸጥ ይላሉ፣ አንድ ነጋዴም ደጋግሞ ይመጣል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ነጋዴው ደጋግሞ መምጣቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግርዎታል፣ አይቸኩሉ።

ከጃንሆይ ጋር የተያያዘ ሰዓት ሰው ይፈልገዋል፣ ማስረጃ ካለው። እሳቸው ራሳቸው የነበራቸው አንድ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ፣ 2497 የሚባል ሞዴል፣ በፈረንጅ 2017 ጄኔቫ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ሊሸጥ ነበር፣ ግን ሰዓቱ በትክክል የማን ነው የሚል ጥያቄ ተነስቶ ከጨረታው ወጣ። እዛ ደረጃ የደረሰ ሰዓት እንኳ ከማን እጅ እንዴት እንደወጣ ካልጠራ አይሸጥም ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ያ ሰዓት ዘላለማዊ ካላንደር የሚሉት ዓይነት ነው፣ የቱ ወር 30 የቱ 31 እንደሆነ፣ የካቲታቸው መቼ 28 መቼ 29 እንደሚሆን ራሱ ያውቃል፣ በፈረንጅ እስከ 2100 ድረስ ማንም ሳይነካው ይቆጥራል ይባላል። ጳጉሜን ግን አያውቃትም! የኢትዮጵያ ንጉሥ እጅ ላይ ሆኖ አሥራ ሦስተኛዋን ወር የማያውቅ ሰዓት፣ ሳስበው ሁሌ ያስቀኛል።)

የርስዎን በተመለከተ፣ ልጅዎ በላከችልኝ ፎቶ ላይ አንበሳው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ምናልባትም በጣም ጥርት ብሎ። ዙሪያው ያለው ፊት ወይቦ አንበሳው ብቻ ትናንት የተሳለ ከመሰለ ኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል፣ ተራ የስዊስ ሰዓት ላይ ዘውድ አስቀብተው «የጃንሆይ ነው» የሚሉ አሉ። የርስዎ እንደዛ ነው አላልኩም፣ ባለቤትዎ የተቀበሉት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፣ ግን ገዥ ያንን ይጠይቃል። እናም አጉሊ መነፅር ያለው ሰው ቀለሙ ከፊቱ ጋር አብሮ አርጅቷል ወይስ ከላይ ተቀምጧል የሚለውን ይይልዎት፣ እርስዎ ባሉበት፣ ሰዓቱ ከዓይንዎ ሳይርቅ።

ከዛ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ። ባለቤትዎ የት፣ በምን ምክንያት፣ በስንት ዓ.ም ተቀበሉት? የምስክር ወረቀት ወይ ደብዳቤ ነበር? የዛን ቀን ፎቶ ካለ ጀርባው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደቆመ ልጅዎ ትጻፍበት፣ እርስዎ እየነገሯት። ነጋዴው ሲመጣ ቡና ያጠጡት፣ ሰዓቱን ግን «ላሳይና ልመልስ» ቢልዎት አይስጡት። ልጆቹም ሊሠራ ይሆን ብለው መሙያውን እንዳያዞሩት ይንገሩልኝ፣ ስንት ዓመት የቆመ ሰዓት ዘይቱ ደርቋል፣ ደርቆ ከዞረ ብረት ብረትን ይበላዋል። በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው ከግድግዳው ራቅ ያለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፣ የሐይቁ እርጥበት በክረምት ሳጥን ውስጥም ይገባል።